የሁለት አገር መግሪብ

ማማ የድምፅ መልእክት የላኩልኝ ግንቦት ውስጥ ነው። ሐይቅ ከተማ ውስጥ፣ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብላ ባለችው ሁለት ክፍል ቤቴ፣ መስኮቱ ሥር ተቀምጬ የሰው መጋረጃ እሰፋ ነበር። መብራት ስለሚጠፋ የስፌት መኪናዬን ሁልጊዜ መስኮቱ ሥር ነው የማስቀምጣት። መልእክቱን ሁለት ጊዜ ሰማሁት። ልጆቻቸው የሙቀቱን ወራት አውሮፓ ሊያሳልፉ አስበዋል፤ እሳቸውን ይዘው መሄድ ይፈልጋሉ። «እኔ ግን ያለ አንቺ አልሄድም ብያቸዋለሁ፣ ልጄ» ይላል መጨረሻው።

ማማ እናቴ አይደሉም። ዐረብ አገር አሥራ አንድ ዓመት የሠራሁበት ቤት ባለቤት እናት ናቸው። ቤቱ ውስጥ ሌሎች ሠራተኞችም ነበሩ፤ የእኔ ሥራ ግን እሳቸው ብቻ ነበሩ። አጥባቸዋለሁ፣ አለብሳቸዋለሁ፣ መድኃኒታቸውን በሰዓቱ እሰጣቸዋለሁ። ዓይናቸው እየደከመ ሲመጣ ደግሞ አይላቸው ጀመር። ጠዋት መስኮቱን ከፍቼ፣ ዛሬ አቧራ አለ፣ ዛሬ ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ ጎረቤት ያለው ዘንባባ ተቆርጧል እላቸዋለሁ። እናቴ አምባሰል ላይ ሞተች ተብሎ የተነገረኝ ቀን ያለቀስኩት እሳቸው ጭን ላይ ነው። ይህን ሳወራ ደስ የማይለው ሰው አለ። አሠሪሽ አይደሉም ወይ ይለኛል። ነበሩ። ፓስፖርቴም እስክመለስ ድረስ ልጃቸው ቁም ሣጥን ውስጥ ነበር። ሁለቱም እውነት ነው።

ከተመለስኩ አምስት ዓመቴ ነው። ስመጣ አባቴም እናቴም አልነበሩም። ታናሽ ወንድሜ ከውጫሌ ወጣ ብሎ፣ በአባታችን መሬት ላይ ጎጆ ወጥቶ ይኖራል። እኔ ገጠር መኖሩን አልቻልኩበትምና ሐይቅ ላይ ቤት ሠራሁ። አግብቼም ነበር፤ ሁለት ዓመት ሳይሞላን ተለያየን፤ ልጅ አልወለድንም። ጎረቤቶቼ ደጎች ናቸው፤ እስላሙም ክርስቲያኑም ለሰርግም ለለቅሶም ይጠሩኛል። ግን ከሰርግና ከለቅሶ ውጭ ያለው ቀን ይበዛል።

ከመልእክቱ በኋላ የማማ ልጅ ራሱ ደወለ። ነገሩ የምር ነው። የሚሄዱት አውሮፓ መሃል፣ በረዶ የማይለቃቸው ተራሮች መካከል ወዳለች አንዲት የሐይቅ ዳር ከተማ ነው። ሐይቅ ዳር ነው ሲለኝ ሳቄ መጣ፤ እኔም እኮ ያለሁት ሐይቅ ዳር ነው አልኩት። እሱ አልሳቀም፤ ሥራ የሚበዛበት ሰው ነው። እናቱ በቅርቡ ዓይናቸውን ቀዶ ሕክምና አድርገዋል፤ ሐኪሙ ብርቱ ፀሐይ ላይ እንዳይወጡ ብሏል። እሳቸው ደግሞ የሶላት ሰዓት በትክክል ሳይነገራቸው ከአልጋቸው የማይነቃነቁ ሰው ናቸው። ስለዚህ ከእኔ የሚፈልገው፣ በዚያ አገር በየቀኑ ፀሐይ መቼ ወጥታ መቼ እንደምትገባ አይቼ፣ እናቱ መቼ ይውጡ፣ መቼ ይብሉ፣ መቼ ይተኙ የሚለውን ማዘጋጀት ነው። የጥሪ ደብዳቤውን እልክልሻለሁ፣ ቪዛውን አዲስ አበባ ትጠይቂያለሽ፣ ቀሪውን ለእኛ ተዪው አለኝ።

በማግሥቱ አንድ የተማሪ ደብተር ገዛሁ።

እኛ አገር ፀሐይ ሰው አታስቸግርም። ሐይቅ ላይ በታኅሣሥ አሥራ ሁለት ሰዓት አለፍ ሲል ትገባለች፣ በሐምሌ ደግሞ አሥራ ሁለት ተኩል አለፍ ሲል። የዓመቱ ልዩነት ተሰብስቦ አንድ ሰዓት አይሞላም። ዐረብ አገርም ቢሆን ትንሽ ቢጨምር እንጂ ያን ያህል አይለይም። ኔትወርክ ሲኖር ስልኬን ከፍቼ የዚያችን ከተማ ስም ጻፍኩና የሐምሌን አንድ አየሁ። 21:13 ይላል። በእኛ አቆጣጠር ምሽት ሦስት ሰዓት ከአሥራ ሦስት ደቂቃ መሆኑ ነው። ስልኩ ተሳስቷል ብዬ አጠፋሁትና እንደገና ከፈትኩት። ያው ነው። ጠዋት ደግሞ አሥራ አንድ ሰዓት ከሩብ ገደማ ትወጣለች። ቀኑ ብቻውን አሥራ ስድስት ሰዓት ነው ማለት ነው። የመጨረሻው ሶላት ኢሻ ሲሰገድ አምስት ሰዓት አልፏል፤ ጥቂት እንደተኛሽ የንጋቱ ሱብሒ ይደርሳል።

ደብተሩን በመስመር ከፍዬ ቀኑን፣ መውጫውን፣ መግቢያውን ጻፍኩ። መጀመሪያ ላይ ስልኩ ሰዓቱን ወደ እኛ አገር ቀይሮ የሚያሳየኝ መስሎኝ እዚያ ከእኛ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ነውና ከሁሉም ላይ አንድ አንድ ሰዓት ቀንሼ ነበር። ሁለት ገጽ ከሞላሁ በኋላ ነው የገባኝ፤ ቀድጄ ጣልኩት። ከዚያ ለየቀኑ የማማን የዓይን ጠብታ፣ የደም ግፊት ክኒን፣ ከሰዓት የሚወጡበትን ጊዜ ጨመርኩበት። ሰኞና ሐሙስ መጾም ይወዳሉ። ሌሊቱ አጭር ስለሆነ ጾሙ አሥራ ስምንት ሰዓት ሊደርስ ይችላል፤ እዚያ ሳሉ እንዳይጾሙ በቀይ እስክሪብቶ አሰመርኩበት። ለልጃቸው፣ ጉዞው ወደ መስከረም ቢገፋ ቀኑና ሌሊቱ እኩል ይሆንላቸዋል ብዬ ላክሁለት። ልጆቼ ትምህርት ይጀምራሉ አለኝ፤ እዚያው ላይ ቀረ።

ወዲያው ሰው አልነገርኩም። ማታ ማታ ግን ደብተሩን ከፍቼ ራሴን እዚያ አስቀምጠው ነበር። ምሽት ሁለት ሰዓት ላይ ማማን በተሽከርካሪ ወንበር እየገፋሁ ሐይቅ ዳር እሄዳለሁ፤ ገና ብርሃን ነው፤ የማየውን እነግራቸዋለሁ። ወደ አገሬ ከተመለስኩ ጀምሮ ያየሁትን የምነግረው ሰው እንዳልነበረኝ ያወቅሁት ያኔ ነው።

ሰኔ መግቢያ ላይ ለወንድሜ ልነግረው ወደ አምባሰል ወጣሁ። እስከ ውጫሌ በሚኒባስ፣ ከዚያ በባጃጅ፣ ቀሪውን በእግሬ። በሬዎቹን ፈትቶ እያረፈ ነበር። ሁሉንም እስክጨርስ ሰማኝ። ያለ መሕረም፣ አብሮሽ የሚሄድ የሥጋ ዘመድ ወንድ ሳይኖር፣ እንዴት ብለሽ አለኝ መጀመሪያ፤ በሃያ ሁለት ዓመቴ ዐረብ አገር ስሄድ ግን ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ይህን ስለው መሬት መሬት አየ፤ ያኔ እሱ ገና ልጅ ነበር፤ ባልኩት ተጸጸትኩ። ነገሩን ለማብረድ ደብተሩን አወጣሁና ፀሐይ ምሽት ሦስት ሰዓት አልፎ እንደምትገባ አሳየሁት።

«እታለም፣ እዚያ አገር ያለ ሰው ታዲያ መቼ ይደክመዋል?» አለኝ።

ሚስቱ ከጓዳ ሆና ሳቀች። ስሄድ ሁለቱም እስከ መንገዱ ሸኙኝ፤ ወንድሜ ዱዓ አደረገልኝ።

አዲስ አበባ የሄድኩት ከዚያ በኋላ ባለው ሳምንት ነው። የኤምባሲውን ነገር ባላስረዝመው እመርጣለሁ። ማልደን ተሰለፍን፣ ወረቀቶቼን ሰጠሁ፣ ከመስታወት ጀርባ አንዲት ሴት ተቀምጣለች፤ አንድ አበሻ ወጣት ያስተረጉማል። የጥሪ ደብዳቤው ደህና ነው፣ የጤና መድኑም ደህና ነው። ደብተሬንም ሳይጠይቁኝ አወጣሁት፤ ሴትዮዋ ገለጥ ገለጥ አድርጋ ፈገግ አለችና መለሰችልኝ። ከዚያ ያገባሁ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ፈትቻለሁ አልኩ። ልጆች? የሉኝም። እናት አባት? ሞተዋል። ቀና ብላ አየችኝና የሆነ ነገር ተናገረች።

ወጣቱ ወደ አማርኛ ሲመልሰው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አገርዎ ላይ ማን ይጠብቅዎታል? ይላሉ።»

ቤት አለኝ አልኩ። የስፌት መኪና አለኝ፣ ደንበኞች አሉኝ። ወንድም አለኝ አልኩ፤ የራሱ ቤተሰብ እንዳለው ግን ወረቀቱ ላይ ተጽፏል። የተናገርኩት ሁሉ እውነት ነበር፤ ሆኖም እየተናገርኩ ሳለ ለጥያቄው መልስ እየሰጠሁ እንዳልሆነ ይታወቀኝ ነበር። ሴትዮዋ ክፉ አልነበረችም። ከአሥር ቀን በኋላ ፓስፖርቴ ከአንድ ወረቀት ጋር ተመለሰልኝ። ወረቀቱ ላይ ከተደረደሩት ምክንያቶች ውስጥ አንዱ ላይ ምልክት ተደርጎበታል፤ ተመልሳ ለመሄዷ አላመንንም የሚል ነው። አውቶቡስ ተራ ሻይ አዝዤ ሳልጠጣው ቀዘቀዘ። የቪዛው መከልከል ብቻ ቢሆን እንዲህ ባልከፋኝ። ማን ይጠብቅሻል የሚለው ግን ደሴ እስክንደርስ አብሮኝ ተጓዘ።

ለማማ ደውዬ ነገርኳቸው። እንግዲያስ እኔም ቀርቻለሁ አሉ። ነገር ግን ቤቱ ተከራይቷል፣ ልጆቹ ተነሥተዋል፤ አንዲት ዓይኗ የደከመ አሮጊት ብቻዋን ልትቀር አትችልም። ሄዱ። ደብተሩን ገጽ በገጽ ፎቶ አንሥቼ ለልጃቸው ላክሁለት። አመሰግናለሁ አለኝ።

እዚያ በገቡ በሁለተኛው ቀን፣ ሐይቅ ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ ምሽት ሁለት ሰዓት ገደማ ስልኬ ጠራ። ማማ ናቸው። ልጆቹ በጀልባ ሊንሸራሸሩ ወጥተዋል፤ በእኔ ቦታ ይዘዋት የሄዱት አዲሷ ሠራተኛ ወጥ ቤት ናት፤ እሷ ደግሞ ከእሳቸው ጋር የምትግባባበት ቋንቋ የላትም። እሳቸው መስኮት አጠገብ ተቀምጠዋል።

«ልጄ፣ ፀሐይዋ ከፊቴ ላይ ሄዳለች። መግሪብ ሆኗል?» አሉኝ።

ደብተሩን ከፈትኩ። እዚያ ገና አንድ ሰዓት ነው፤ ፀሐይ ለመግባት ከሁለት ሰዓት በላይ ይቀራታል። ወዲያው ነገሩ ገባኝ። የተወለድኩበት ቤት ከአምባሰል ገደል ሥር ነው። እኛ ዘንድ ፀሐይ ከአሥር ሰዓት ጀምሮ ከገደሉ ጀርባ ትሰወራለች፤ ግቢው ይቀዘቅዛል፣ ዶሮዎቹ ቆጣቸውን ይፈልጋሉ፤ መግሪብ ግን አልሆነም። እናቴ በረመዳን የምታፈጥረው ማዶ ያለው ተራራ ጫፍ ላይ ያለው ብርሃን ሲጠፋ ብቻ ነበር። ስልኩ የሚያውቀው የሜዳውን ፀሐይ ነው፤ ተራራ መካከል የተቀመጠ ሰው ሁለት ጊዜ ይመሽበታል።

ይህንን ነገርኳቸው። ተራራው ጋረዳት እንጂ አልገባችም አልኳቸው። ማዶ ቀና ብለው እንዲያዩ ነገርኳቸው።

«ቢጫ ነገር ይታየኛል» አሉ።

«እሱ ነው፣ ማማ። እሱ እስኪጠፋ ነው።»

እስኪጠፋ እንድንቆይ አልጠየቁኝም፤ እኔም ልዝጋው አላልኩም። ስለ ጉልበታቸው አወሩኝ፣ ስለ አዲሷ ሠራተኛ ምግብ አወሩኝ። በእኔ ሰዓት አራት ሰዓት ከአሥር ሲል፣ አሁን ገባች አልኳቸውና ሊሰግዱ ተነሡ።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ሆነ። እኔ ሐይቅ ላይ መግሪቤን እሰግዳለሁ፣ እራቴን እበላለሁ፣ ማማ ይደውላሉ። እንዳልጾም ከልክለሽኛል ብለው ያሾፉብኛል። ሐምሌ ነውና እኛ ዘንድ ፀሐይ ከደመና ሥር አትወጣም፤ መጋረጃና ቀሚስ የምሰፋው በደብዛዛ ብርሃን ነው። የዚያኛውን አገር ፀሐይ ግን በደቂቃ አውቃታለሁ። መጀመሪያ ላይ በቀን አንድ ደቂቃ ትቀንሳለች፤ ነሐሴ ሲቃረብ ሁለት ደቂቃ ገደማ። በሳምንት አሥር አሥራ ሁለት ደቂቃ ከእጃችን ይወጣል። ለእሳቸው ጥሩ ነበር፤ ቶሎ ሰግደው ይተኛሉ። እኔ ግን ደብተሩን ስገልጥ የቀሩትን ገጾች መቁጠር ጀምሬ ነበር።

ሐምሌ ማለቂያ ላይ ሐይቅ ኔትወርክ ጠፋ። አንድ ቀን ይሆናል ስንል ሦስት ቀን ቆየ። በዚያ ሦስት ቀን ሥራ አልገፋልኝ አለ። አንዲት ደንበኛዬ ልትለካ መጥታ ምን ሆነሻል፣ ታመምሽ ወይ አለችኝ። አንዲት አሮጊት ሶላታቸው ያለ ሰዓቱ እንዳይሆን ሠጋሁ ብላት ምን ልትለኝ ነው? ራሴን አሞኝ ነው አልኳት።

በአራተኛው ቀን ኔትወርክ ሲመጣ ማማ አላነሡም፤ ተኝተው ነበር። ለልጅ ልጃቸው ጻፍኩላት። ይህች ልጅ እኔ ቤታቸው ስገባ ገና አፏን ያልፈታች ነበረች፤ አሁን ዩኒቨርሲቲ ልትገባ ነው። ይቅርታ፣ መስመር ጠፍቶብኝ ነው፣ አያትሽ የሶላት ሰዓት እንዴት አደረጉ አልኳት። በድምፅ መለሰችልኝ፤ እየሳቀች ነው።

«አትጨነቂ። አዛን የሚል ፕሮግራም እኮ ስልኳ ላይ ከመጀመሪያው ቀን ጭኜላታለሁ። ሰዓቱ ሲደርስ ይጮሃል። ካንቺ ጋር ስታወሪ ግን እንዳይጮህ አጥፊልኝ ትለኛለች።»

መልእክቱን አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሰማሁት። መጀመሪያ ያፈርኩ መሰለኝ፤ ሰው ሲጫወትብኝ ቆይቶ የነቃሁ ያህል። ያን ሁሉ ሠንጠረዥ፣ ያን ሁሉ ደቂቃ። ስፌቱን ትቼ ወጣሁና ዝናቡ አባርቶ ስለነበር እስከ ሐይቁ ዳርቻ ሄድኩ። ዓሣ አጥማጆቹ ታንኳቸውን ገልብጠው መረብ ያራግፋሉ። እንዴት ዋልሽ አሉኝ፣ አልሐምዱሊላህ አልኳቸው። እዚያ ቆሜ፣ ማማ መስኮቱ አጠገብ ሆነው ሰዓቱን እያወቁ መግሪብ ሆኗል ወይ ሲሉኝ ድምፃቸው እንዴት እንደነበር ለማስታወስ ሞከርኩ። አንድም ቀን የዋሸ ሰው ድምፅ አልነበረም። ከእኔ የሚፈልጉትን ሌላ ነገር በምን ቃል ይጠይቁ? እኔስ እሳቸውን በምን ቃል እጠይቅ ነበር? አሥራ አንድ ዓመት አብረን ስንኖር የተነጋገርነው ስለ ጠብታ፣ ስለ ክኒን፣ ስለ ሶላት ሰዓት ነው። ሌላ የምናውቀው ቋንቋ የለንም።

ማታ ደወሉ። ሦስት ቀን የት ጠፋሽ አላሉኝም።

«ልጄ፣ ፀሐይዋ ከፊቴ ላይ ሄዳለች» አሉኝ።

«ገና ናት፣ ማማ» አልኳቸው። ደብተሩን ከፍቼ ደቂቃውን ነገርኳቸው። የማውቀውን እንደማውቅ ነግሬያቸው አላውቅም።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ ጉዞው አለቀ። ከአውሮፕላን ማረፊያ ደውለው፣ ነገ ቤቴ ነኝ አሉኝ። ቤታቸው አካባቢ አራት መስጊድ አለ፤ አዛኑ ከአራቱም ይሰማል፣ የሚጠየቅ ነገር የለም። በዚያ ቀን ማታ ከእራት በኋላ ስልኬን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ተቀመጥኩ። ኢሻን ሰግጄ እንደ ድሮዬ በጊዜ መተኛት እችል ነበር፤ ስድስት ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ አጥቼ ነበርና። እንቅልፉ ግን አልመጣም። አሁን የምንደዋወለው ዓርብ ዓርብ ነው፤ አንዳንድ ዓርብ ይዘለላል።

ማማ ቤታቸው በገቡበት ሳምንት ቅዳሜ ማልጄ ወደ ወንድሜ ዘንድ ሄድኩ። ጤፉ አረም በዝቶበት ስለነበር ከሚስቱ ጋር ማሳው ውስጥ ጎን ለጎን ጎንበስ ብለን እናርም ጀመር። መሬቱ እርጥብ ነው፤ ጭቃው እጅ ላይ ይለጠፋል። ብዙ ቆይተን፣ እንዳልሄድኩ በደንብ እያወቀች፣ ቀና ሳትል ጠየቀችኝ።

«እና እታለም፣ አገሩ እንዴት ነው?»

እዚያ እንዳልነበርኩ ልነግራት አፌን ከፍቼ ነበር። ግን ስለ አገሩ ነገርኳት። ከተማዋ ሐይቅ ዳር ናት አልኳት፤ ተራሮቹ ቅርብ ስለሆኑ ፀሐይ ከመስኮት ቶሎ ትሄዳለች፤ ብርሃኑ ግን ማዶው ጫፍ ላይ ለብዙ ሰዓት ቢጫ ሆኖ ይቆያል። ሰዎቹ በዚያ ሰዓት ጀልባ ላይ ናቸው። ጠዋት ሰው ሳይነሣ ወለል ብሎ ይነጋል። ጭቃ የነካ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ እየሰማችኝ ነበር፤ ወንድሜም ከወዲያ ማዶ ሥራውን አቁሞ ቆሟል።

«ደስ ይላል?» አለችኝ።

«ቀኑ በጣም ይረዝማል» አልኳት። ከዚያ ሁለታችንም ጎንበስ ብለን ወደ አረማችን ተመለስን።